ከዜሮ በታች አንድ

ካስትሮ ላይ ይዘንባል። ትናንትም ዘንቧል፤
የቺሎዌ ሰማይ ማባራት ረስቷል።
የወይዘሮ ኤዱሊያ ቤት በእንጨት ምሰሶ ቆሞ፣
ባሕሩ ከሥሩ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ በጭቃው አዝግሞ።

ላፕቶፑን አወጣች፣ በሹራብ ጠቅልላ፤
«የልጅ ልጄ፣» አለች፣ «ለትምህርቷ ብላ
ሊኑክስ ይጫን ትላለች። ይጫን፣ ምን ቸገረኝ፤
ግን የባሌን ጓዳ ጫፉን ብትነካ፣ አትመለስ፤ አታግኘኝ።»

ሮሳሜል ጀልባ ሠሪ ነበር፤ ወገቡ ሲደክም፣
እንደ ዶሮ ጥሬ፣ ኪቦርድ ላይ ፊደል ሲለቅም፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የባሕሩን ከፍታ
በሠንጠረዥ ጽፏል፣ ጠዋትና ማታ፤
ከጎኑም ማስታወሻ፦ «ዛሬ ጉም።» «ኤዱሊያ ተቆጣች።»
«ሙሉ ጨረቃ ናት፤ ባሕሯ ደጃችን መጣች።»

ፍላሹን ሰካሁ። ዲስኩን ከፈልኩት፤
የእሱን ግማሽ ትቼ የቀረውን ወሰድኩት።
እጄ አልተንቀጠቀጠም። ውሸት ነው፤ ተንቀጥቅጧል፤
ይኼ እጅ ከዚህ በፊት የራሱን ዲስክ ደምስሷል።

ከዚያ ቡትሎደሩ፦ ግራብ የሚሉት በረኛ፣
ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚተኛ፤
ሥራው አጭር ናት፦ ደጅ ከፍቶ፣ «ማንን ልጥራ?» ብሎ፣
ለተጠራው ቤቱን ያስረክባል፣ ይሄዳል ቁልፉን ጥሎ።
ማንም አያመሰግነው፤
ስሙ የሚነሣ፣ በሩ እንቢ ያለ ቀን ነው።

ጨረስኩ። አጠፋሁት። መልሼ አበራሁት።
ጥቁር ገጽ። ነጭ ፊደል። አንዱን ብቻ አየሁት፦
ሊኑክስ። ከሥሩ ባዶ።
የሮሳሜል ጓዳ የለችም።
ኤዱሊያ መነጽሯን ጠረገች፤ ደግማ አየች፤ ምንም አላለችም።
ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው ብቻውን ያወራል።

«አለ፣» አልኳት። «ዲስኩ ላይ አለ፤ በረኛው ነው ያላየው።»
«ዐሥር ወር ሙሉ ቄሱም እንዲህ ነው የሚለኝ፦ ‹አለ፤ አንቺ ነሽ የማታዪው›።»

ምን ልበል? ጎንበስ አልኩ።
አዲሱ በረኛ፣ ከጥንቃቄ ብዛት፣
ታዝዟል እንዳያንኳኳ የጎረቤትን ቤት።
አንድ ፋይል ውስጥ፣ አንድ መስመር፣ ከፊቷ ምልክት ያለባት፦
‹ፈልግ› የምትል ትእዛዝ፤ አንዱ አፏን ለጉሟት።
ምልክቷን ፋቅሁ፤ «ዞር ብለህ እይ፣» አልኩት፤
ዲስኩን ሲያስስ፣ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁት።

አገኘ።
ሁለተኛው መስመር ብቅ አለ፣ እንደ ጀልባ ከጉም ኋላ፦
‹ዊንዶውስ፣ ክፍል ሁለት›፤ እንደ እስረኛ ቁጥር ብቻ፣ መጠሪያ የለው ሌላ።
«እንዲህ አይደለም የሚባለው፣» አለች፤ ስሙን ነገረችኝ፤
እያወቅሁት፣ ፊደል በፊደል፣ ሁለቴ አስጻፈችኝ።

እንደገና አስነሣሁ። ሁለት ስም። ከሥራቸው ቁጥር፦
አምስት፣ አራት፣ ሦስት... ወደ ዜሮ ሲቆጥር፣
እጇ ቁልፉን ፍለጋ ገና በአየር ላይ ሳለ፣
ያልጠራችው ገባ፤ ጊዜዋ አለቀ ተባለ።

«ምን አስቸኮለው?»
«ዐሥር ላድርገው? ሠላሳ?»
«ጣቴ ቁርጥማት አለው፤ ልቤ ከጣቴ ይብሳል፤
አንዳንድ ቀን፣ ልየው አልየው ስል፣ ሻዬ ሁለቴ ይቀዘቅዛል።»

ያኔ ትዝ አለኝ፦ መመሪያው ላይ፣ የማንም ዓይን የማያርፍባት፣
ከዜሮ በታች አንድ የምትል ቁጥር አለች፤ ማለቂያ የላት።
እሷን ስትጽፍለት በረኛው መቁጠሩን ይተዋል፤
ሰው እስኪመርጥ ድረስ፣ ሌሊቱን ቢሆን፣ ይጠብቃል።

ጻፍኩ። አስቀመጥኩ። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ።
ሁለት ስም በጥቁር ላይ፤ ቁጥር የለም።
የማይቸኩል ማሽን ሳይ፣ ለምን እንደሆን እንጃ፣ ፈራሁ።

ሒሳቤን በጢስ በደረቀ ዓሣ ተቀበልኩ፤ ኮቴን ለበስኩ፤
«ደህና ይዋሉ» ልል ደጁ ላይ ፊቴን መለስኩ።
አልመረጠችም። ሹራቡን በጉልበቷ አቅፋ፣
እጇን ከቁልፎቹ ሳይሆን ከጠርዙ አስደግፋ፣
ሁለቱን ስም ታያለች።

ከወለሉ ሥር ባሕሩ፣ ማንም ከፍታውን ሳይጽፍለት፣
ምሰሶውን እየላሰ ይወጣል።
ጃንጥላዬ እዚያው ቀረ፤ ለማንኳኳት አፈርኩበት።